«እኔ ጋ ይሠራል» ለምን አይበቃም? ዴቢያን ፓኬጅሽን የመለሰበት ምክንያት

ዴቢያን በበጎ ፈቃደኞች የሚዘጋጅ የሊኑክስ ሲስተም ነው፣ ኡቡንቱም የተሠራው በሱ ላይ ነው። ፓኬጅ ለመጫን የታሸገ ፕሮግራም ነው፣ የታሸገበት ፋይል ዴብ ይባላል፤ ሶርስ ደግሞ ሰው የጻፈው ኮድ ነው። የአንዲት ተማሪ ጥያቄ እንዲህ ይላል፦ «ባሕር ዳር የፖሊ ተማሪ ነኝ። የኛን ቀን ወደ ፈረንጅ ቀን፣ የፈረንጁንም ወደኛ የሚቀይር ፕሮግራም በሲ ቋንቋ ጻፍኩ። ለጓደኞቼ በፍላሽ እሰጣቸዋለሁ፣ ሁሉም ጋ ይሠራል። ዴቢያን ውስጥ ቢገባ ኡቡንቱ የሚጠቀመውም ሁሉ ያገኘዋል ብዬ ዴብ ፋይሉን ላክሁ። ‹ዴብ አንቀበልም፣ ሶርሱን አምጪ› አሉኝ። ስፖንሰር አግኝቼ ሶርሱ ከገባ በኋላ ሦስት ወር ጠብቄ፣ የፎንትና የኮፒራይት ችግር አለበት ብለው መለሱት። ፕሮግራሙ በነጻ ነው፣ ፎንቱንም በነጻ ነው ያወረድኩት። አማርኛ ስለሆነ ነው? ወይስ የማያውቁትን ሰው አይቀበሉም? ፋይሉን አያይዤያለሁ።»

አማርኛ ስለሆነ አይደለም። ይሄን መጀመሪያ እንዝጋው፣ እንዲህ ካሰብሽ ሁለተኛ አትሞክሪም። አቢሲኒካ የሚባለው የግዕዝ ፊደል ፎንት ዴቢያን ውስጥ ከገባ ዓመታት አልፈዋል። የኢትዮጵያ አማርኛ ሎኬል፣ ማለት የቋንቋና የአገር ቅንብሩ፣ የሊኑክስ መሠረታዊ ላይብረሪ (ሌሎች ፕሮግራሞች የሚጠቀሙበት የተዘጋጀ ኮድ) በሆነው ጂሊብሲ ውስጥ አለ። በላቲን ኪቦርድ አማርኛ መጻፊያውም ኤም17ኤን በሚባለው የመጻፊያ መሣሪያ በኩል ይገኛል። የማያውቁትን ሰው አይቀበሉም የሚለውም ልክ አይደለም። ስፖንሰር የሚባለው፣ የማስገባት መብት ያለው የዴቢያን አባል የሌላውን ሥራ አይቶ የሚያስገባበት አሠራር የተፈጠረው እኮ ማንም የማያውቀው ሰው ሥራውን ይዞ መግባት እንዲችል ነው። ፓኬጅሽ የተመለሰው ውስጡ ባለው ነገር ነው። የላክሽውን ከፍቼ አየሁት፣ እሱው ላይ እንነጋገር።

ዴብ ፋይል ሲፈታ ሦስት ነገር ነው። 2.0 የሚል ብቻ የተጻፈበት ትንሽ ፋይል፣ ስለ ፓኬጁ የሚናገር ጥቅል፣ ከዚያ ኮምፒውተሩ ላይ የሚበተኑት ፋይሎች ጥቅል። ሁለተኛው ጥቅል ውስጥ ፖስትኢንስት የሚባል ስክሪፕት አስገብተሻል። ፎንቱን ወደ ሲስተሙ የፎንት ፎልደር ኮፒ ያደርጋል፣ ከዚያ ፎልደሩን ማንም እንዲጽፍበት 777 ያደርገዋል። ይህ ስክሪፕት የሚሮጠው ሁሉን ማድረግ በሚችለው በሩት ሥልጣን ነው። ጓደኞችሽ ፍላሹን ተቀብለው ፓስወርዳቸውን ባስገቡ ቁጥር ኮምፒውተራቸውን በሙሉ ለዚያች ስክሪፕት አስረክበዋል። ክፉ እንዳላሰብሽ ይገባኛል። ግን ቀና ልብሽ ፋይሉ ላይ አይነበብም። ሌላ ሰው ያንኑ ፋይል በፍላሽ ተቀብሎ አንዲት መስመር ጨምሮ ቢያሳልፈው፣ ሦስተኛው ተቀባይ በምን ይለያል?

ባይነሪው (ከሶርሱ ተገንብቶ ኮምፒውተሩ የሚያስሮጠው ፋይል) ውስጥም አንድ ነገር አገኘሁ። የላፕቶፕሽ የቤት ፎልደር ስም ከነዩዘርኔምሽ ቁጭ ብሏል። ጉዳቱ ትንሽ ነው፣ የሚናገረው ግን ብዙ ነው። ይህ ፋይል የተሠራው አንድ ቦታ፣ አንድ ማሽን ላይ ነው። ሌላ ሰው ከዚያው ሶርስ ቢነሳ ያንኑ ፋይል አያገኝም።

ጣና ዳር ታንኳ የሚገዛ ሰው ደንገሉን ሳይታሰር ማየት ይፈልጋል። ከታሰረ በኋላ ውስጡ የገባው በደንብ የደረቀ ይሁን አይሁን ከላይ አይታይም፣ የሚታወቀው ውሃ ላይ ነው። ኮምፓይል የሆነ ባይነሪም የታሰረ ታንኳ ነው። ዴቢያን የሚለው «ደንገሉን አምጪ፣ አስተሳሰሩን ጻፊልን፣ እኛው እናስረዋለን» ነው። ስለዚህ «እኔ ጋ ይሠራል» የሚለው ክርክር እዚያ አያሳምንም። የሚጠየቀው አንቺ በሌለሽበት፣ ላፕቶፕሽ በሌለበት፣ የማያውቅሽ ማሽን ከሶርሱ ብቻ ተነስቶ መገንባት ይችላል ወይ ነው። አዲስ ፓኬጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲገባ ለምርመራ ተብሎ የተገነባ ፋይል አብሮ ይቀርባል። ቀጣዩ የዴቢያን ስሪት ወደሚዘጋጅበት፣ ቴስቲንግ ወደሚባለው ክፍል የሚያልፈው ግን ዴቢያን በራሱ ማሽኖች የገነባው ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ዴቢያን 10 ከወጣ ወዲህ አሠራሩ ይኸው ነው።

የሚገነቡት ማሽኖች ቢልድዲ ይባላሉ። ሶርሱን ይቀበሉና ባዶ በሚባል ሲስተም ውስጥ ይፈቱታል። እዚያ ውስጥ ያለው መሠረታዊ መገንቢያ እና አንቺ የፓኬጁን መረጃ በያዘው ኮንትሮል ፋይል ላይ ለመገንባት ያስፈልጉኛል ብለሽ የዘረዘርሻቸው ፓኬጆች ብቻ ናቸው። ኢንተርኔት የለም። የግንባታውን ትእዛዝ የያዘው ያንቺ ሜክፋይል ደግሞ ሦስተኛው መስመር ላይ አንዲት ላይብረሪ ጊትሀብ ከሚባለው የኮድ ማስቀመጫ ድረ ገጽ ያወርዳል። እዚያ ማሽን ላይ ይህ መስመር ወዲያው ይወድቃል። ስፖንሰርሽ ይህን ያላየው ኢንተርኔት ባለው ማሽን ገንብቶ ሊሆን ይችላል። ለፎንቱ ባይመለስ ኖሮ እዚህ ጋ መውደቁ አይቀርም ነበር።

ኢንተርኔት የሚከለከለው ለማስቸገር አይደለም። ዛሬ ያወረድሻት ላይብረሪ ነገ ልትቀየር፣ ልትጠፋ፣ ባለቤቷ ልትለወጥ ትችላለች። ከአምስት ዓመት በኋላ የደኅንነት ቀዳዳ ተገኝቶ ፓኬጅሽ እንደገና ይገንባ ቢባል፣ ያ ጊትሀብ ገጽ በዚያን ቀን መኖሩን ማን ያረጋግጣል?

እኔም የመጀመሪያው ፓኬጄ በዚህ መንገድ ወድቆብኛል። ቤቴ፣ ማታ፣ መብራት ሁለት ጊዜ እየሄደ እየመጣ ገንብቼው ደስ ብሎኝ ተኛሁ። ጠዋት ባዶው ሲስተም ላይ ስሞክረው ገና ሲጀምር ቆመ። ፒኬጂ-ኮንፊግ የምትባለዋን ትንሽ መሣሪያ ኮንትሮል ፋይሉ ላይ አልጻፍኳትም። ላፕቶፔ ላይ ለሌላ ሥራ ጭኛት ስለነበር መኖሯንም ረስቼዋለሁ። ከዚያ ወዲህ ባዶ ሲስተም ላይ ያልገነባሁትን ለማንም አልልክም። አንቺም ኤስቢልድ የሚባለውን መሣሪያ ጫኚ፣ እሱ ይህንኑ ባዶ ሲስተም ላፕቶፕሽ ላይ ይፈጥርልሻል። የሞባይል ዳታ የምትጠቀሚ ከሆነ አፕት-ካቸር-ኤንጂንም አብረሽ ጫኚ። አንዴ የወረደውን ፓኬጅ ያስቀምጥልሻል፣ በየሙከራው ከኪስሽ አይወጣም። ሌላም መንገድ አለ፤ ሳልሳ የሚባለው የዴቢያን የጊት (ኮድ ከነለውጡ የሚመዘገብበት ሥርዓት) ሰርቨር ላይ ሶርሱን ብታስገቢ ግንባታውንም ፍተሻውንም እዚያው ይሠራልሻል። ኔትወርክ ሲያስቸግር የሚሻለው ይሄኛው ነው፣ ከአንቺ የሚሄደው ጥቂት ኪሎባይት ነውና።

ሌላው ሰዎች የማያስቡት የማሽኑ ዓይነት ነው። ዴቢያን 13 በ2025 (እ.ኤ.አ.) ሲወጣ ከ69 ሺህ በላይ ፓኬጆች ይዞ፣ በሰባት ዓይነት የማሽን አርክቴክቸር ላይ ነው። በሲ የተጻፈ ፕሮግራምሽ በሁሉም ላይ ይገነባል። ከነሱ አንዱ ኤስ390ኤክስ ነው፣ የትልልቅ ድርጅቶች ማሽን፣ ባይቶችን የሚያስቀምጠው ከላፕቶፕሽ በተቃራኒው ቅደም ተከተል ነው። አንቺ የበዓላቱን ሰንጠረዥ ከባይነሪ ፋይል በቀጥታ ወደ ኢንቲጀር ታነቢያለሽ። ላፕቶፕሽ ላይ የመስከረም 17 መስቀል ትክክል ይወጣል፣ እዚያ ላይ ትርጉም የሌለው ቁጥር ይሆናል። ሰንጠረዡን ተራ ጽሑፍ ፋይል አድርጊው፣ ችግሩ ይጠፋል። የማሽኑ የሰዓት ቀጠና የኢትዮጵያ ነው ብለሽም አትገምቺ። ከሙከራዎችሽ አንዱ «ዛሬ»ን ከሲስተሙ ሰዓት ወስዶ ያወዳድራል፣ ከሌሊቱ ስድስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባለው ጊዜ ከተገነባ ቀኑ በአንድ ይዛባል።

አሁን ወደ ተመለሰበት ዋና ምክንያት። «በነጻ» ያልሽው ቃል ላይ ነው ነገሩ ያለው። አማርኛችን እዚህ ጋ ሁለት ነገር ያምታታብናል። በነጻ ማግኘት ሳይከፍሉ መውሰድ ነው። ነጻ ሶፍትዌር ማለት ግን የተቀበለው ሰው ሊያየው፣ ሊቀይረው፣ ቀይሮም ለሌላ ሊሰጠው፣ ቢፈልግ ሊሸጠውም የሚችል ማለት ነው። ዴቢያን ይህን መስፈርት በጽሑፍ ያወጣው በ1997 (እ.ኤ.አ.) ሲሆን እስካሁን በዚያው ይመዝናል። ያንቺን ፎንት ከፍቼ ሳየው ውስጡ «ለግል አገልግሎት ብቻ» ይላል። በነጻ ወርዷል፣ ነጻ ግን አይደለም። ዴቢያንን ሲዲ ላይ ገልብጦ የሚሸጥ ሰው ቢኖር፣ እና ይፈቀድለታል፣ ያንቺን ፎንት በመያዙ ብቻ የሰው መብት ይነካል።

ያቺ ከጊትሀብ የምታወርጃት ላይብረሪም ጭራሽ ላይሰንስ (የመጠቀሚያ ፈቃድ ጽሑፍ) የላትም። ብዙ ሰው ላይሰንስ ያልተጻፈበት ኮድ የማንም ነው ብሎ ያስባል። ተቃራኒው ነው። በኛም አገር የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን እንደ ሥራ ይጠብቀዋል፣ መብቱም ማስመዝገብ ሳያስፈልገው ሥራው ሲፈጠር ጀምሮ አለ። ባለቤቱ ፈቅጃለሁ ካላለ አልፈቀደም ማለት ነው። ጻፊለትና ጂፒኤል ወይም ኤምአይቲ የሚባለውን የነጻ ሶፍትዌር ላይሰንስ እንዲያስቀምጥ ጠይቂው። ብዙዎቹ ረስተውት ነው፣ በአንድ ኢሜይል ያልቃል። ካልመለሰልሽ የምትጠቀሚባቸው ሁለት ፈንክሽኖች ብቻ ስለሆኑ ራስሽ እንደ አዲስ ጻፊያቸው፣ ከሱ ኮድ ሳትገለብጪ።

ኮፒራይት የሚባለው ፋይልሽ ደግሞ ያለው አንድ መስመር ነው፣ ስምሽና ጂፒኤል። አዲስ ፓኬጅ ሲገባ ኒው በሚባል ወረፋ ይቆማል፤ ኤፍቲፒ ማስተር የሚባሉት በጎ ፈቃደኞች እያንዳንዱን ፋይል እየከፈቱ ማን ጻፈው፣ በምን ፈቃድ የሚለውን ኮፒራይት ፋይሉ ላይ ካለው ጋር ያመሳክራሉ። ያንቺ ሶርስ ውስጥ የኤምአይቲ ማስታወሻ ያለበት አንድ ፋይል አለ፣ ከሌላ ፕሮጀክት ያመጣሽው፣ አልጠቀስሽውም። ወረፋው አንዳንዴ ቀናት፣ አንዳንዴ ወራት ይወስዳል። የሚሠሩት ጥቂት ሰዎች ናቸው፣ ክፍያም የላቸውም። ሦስት ወር መጠበቅሽ ያበሳጫል። ግን አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ፋይሎችሽን አንድ በአንድ እንዳነበበልሽም እወቂ።

እዚህ ጋ ሰዎች የሚሳሳቱትን አንድ ነገር ላርም። ይህ ምርመራ የደኅንነት ምርመራ አይደለም። ኮድሽን መስመር በመስመር አንብቦ ክፉ ነገር የለበትም ብሎ የሚፈርምልሽ የለም። ለዚያውም ኒው ወረፋ ላይ የሚቆመው ፓኬጁ አዲስ ሲሆን ወይም አዲስ ስም ያለው ባይነሪ ሲጨምር ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጡት ስሪቶች የሚገቡት ፓኬጁን በኃላፊነት በያዘው ጠባቂ ፊርማ ነው። የዚህን ወሰን ሁላችንም ያየነው መጋቢት 20 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው። አንድሬስ ፍሮይንድ የሚባል መሐንዲስ ከሩቅ ወደ ኮምፒውተር የሚገባበት የኤስኤስኤች መግቢያ በግማሽ ሰከንድ ገደማ መዘግየቱ ከነከነውና ሲከታተለው፣ ኤክስዜድ የሚባለው የፋይል መጭመቂያ ስሪት 5.6.0 እና 5.6.1 ውስጥ የተደበቀ የኋላ በር አገኘ። በሩን የሚከፍተው መስመር ጊቱ ላይ አልነበረም። ለስርጭት በታሸገው ታርቦል ውስጥ ባለ የግንባታ ስክሪፕት ነበር የተቀመጠው። አዲስ ስሪት መጀመሪያ የሚገባበት የዴቢያን አንስቴብልና ቴስቲንግ፣ ፌዶራ የሚባለው የሌላው ሊኑክስም የሙከራ ክፍል ተቀብለውት ነበር። ስቴብል የሚባለው፣ ለተጠቃሚው የሚወጣው የጸና ስሪት፣ አልደረሰበትም። ያ የሆነው አዲስ ነገር ወደ ስቴብል በቶሎ ስለማይገባ ነው። ስለዚህ አንቺም ስትለቂ ታርቦልሽ ጊቱ ላይ ካለው ጋር አንድ ዓይነት ይሁን። የሚገመግምሽ ሰው አነጻጽሮ ልዩነት ካገኘ ሌላውን ሁሉ ሳያይ ያቆማል፣ ትክክልም ነው።

ጥፋት ከጠባቂው በኩልም ይመጣል። በ2006 (እ.ኤ.አ.) የምስጢር ቁልፍ በሚፈጥረው የዴቢያኑ ኦፕንኤስኤስኤል ላይ ጠባቂው የፍተሻ መሣሪያ ማስጠንቀቂያ ስላበዛ አንድ ማስተካከያ አደረገ። ማስተካከያው ሳይታሰብ የቁልፎቹን የዘፈቀደ ምንጭ አጠፋው። እስከ ግንቦት 2008 (እ.ኤ.አ.) ማንም አላወቀም። በዚያ ጊዜ ዴቢያንና ኡቡንቱ ላይ የተፈጠሩት ቁልፎች ለአንድ ዓይነትና ርዝመት 32 ሺህ ገደማ ብቻ ነበሩ፣ በሰዓታት ተሞክረው የሚያልቁ። ይህን የማነሳው ፓኬጅ አዘጋጅ ስትሆኚ ያልገባሽን መስመር እንዳትነኪ ነው። ሊንቲያን የሚባለው መፈተሻ ማስጠንቀቂያ ሲሰጥሽ መጀመሪያ ምን እንደሚል አንብቢ። ዝም ለማሰኘት ብቻ ኮድ አትቀይሪ።

ፓኬጁ ካለፈ አንስቴብል ውስጥ ይገባል። እዚያ እንደ አስቸኳይነቱ 2፣ 5 ወይም 10 ቀን ይቆያል፣ አብዛኛው 5። ከባድ ስህተት ካልተመዘገበበትና ሙከራዎቹ ካለፉ ወደ ቴስቲንግ ይሻገራል። ከዚያ ስቴብል የሚወጣው በየሁለት ዓመቱ ገደማ ነው። ስቴብል ውስጥ አንዴ ከገባ አዲስ ባሕርይ አይጨመርለትም፣ የሚፈቀደው ከባድ ስህተት ማረም ነው። ይህን አስቢበት። ፕሮግራምሽን በየሳምንቱ እየቀየርሽ ከሆነ ሰዎች እጅ የሚቀረው የዛሬው ስሪት ነው፣ ለሁለት ዓመት። ኡቡንቱ በበኩሉ ከዴቢያን አንስቴብል በራሱ ይወስዳል፣ ለብቻው ማስገባት አያስፈልግሽም።

ሌሎቹን መንገዶች ባጭሩ። ላውንችፓድ በሚባለው የኡቡንቱ ድረ ገጽ ላይ ፒፒኤ፣ ማለት የግል የፓኬጅ ማከፋፈያ፣ መክፈት ትችያለሽ። ኒው ወረፋ የለውም፣ ግን እሱም ሶርስ ብቻ ተቀብሎ ራሱ ነው የሚገነባው፣ ስለዚህ ሜክፋይሉን ማስተካከሉ አይቀርልሽም። ለተለያዩ ሊኑክሶች ፕሮግራም የሚያከፋፍለው ፍላትሀብም ማኒፌስትሽን (የግንባታ መግለጫሽን) ሰው አይቶ ያለ ኢንተርኔት ይገነባዋል። ፌዶራ የራሱ ግምገማ አለው፤ ስፔክ የሚባል የግንባታ መግለጫ ፋይል ትጽፊያለሽ፣ ሌላ ፓኬጅ አዘጋጅ ቡግዚላ በሚባለው የስህተት መመዝገቢያ ላይ ይገመግመዋል፣ ኮጂ የሚባለው የግንባታ ሥርዓት ይገነባዋል። የላይሰንሱ ጥያቄ እዚያም ይጠብቅሻል። አርች የሚባለው ሊኑክስ ተጠቃሚዎች ራሳቸው በሚያስገቡበት ኤዩአር ላይ ቀድሞ የሚገመግምሽ የለም፣ የሚጭነው ሰው ራሱ አንብቦ መወሰን አለበት። አንድ ነገር ግን እለምንሻለሁ፤ «ይህን ትእዛዝ ተርሚናል ላይ ለጥፉና በሱዶ (በሩት ሥልጣን) አስሩጡ» የሚል ገጽ አትሥሪ። ካምፓስ ውስጥ ሰው ይህን ከለመደ ነገ የማንንም ትእዛዝ ይለጥፋል።

የኔ ምክር ይሄ ነው። ዴቢያኑን አትተይው፣ ግን ነገ ጠዋት አትላኪው። የፍላሹን ዴብ ዛሬውኑ መስጠት አቁሚ፣ ለወሰዱትም ያንን የፎንት ፎልደር ፈቃድ ወደ 755 (ባለቤቱ ብቻ ወደሚጽፍበት) እንዲመልሱ ንገሪያቸው። ፎንቱን ከሶርሱ አውጪና አቢሲኒካን ፓኬጅሽ የሚያስፈልገው ብለሽ ኮንትሮል ፋይሉ ላይ ጻፊው፣ ዴቢያን ውስጥ ስላለ ራሱ ይጫናል። ፎንቱን የሚጭነው ሌላ ፓኬጅ ስለሆነ ፖስትኢንስቱም አያስፈልግሽም፣ ሰርዢው። ኮፒራይት ፋይሉን ፋይል በፋይል ጻፊ፤ አንድ ቀን ሙሉ ይወስድብሻል፣ ይውሰድ። ከዚያ ፒፒኤ ላይ አውጥተሽ አንድ ሴሚስተር ይቆይ። ጓደኞችሽ እዚያ ይጠቀሙበት፣ ስህተቱ ይውጣ። ሲረጋጋ ለዚያው ስፖንሰር የተመለሰበትን ደብዳቤ አያይዘሽ ጻፊለት፣ እያንዳንዱን ነጥብ እንዴት እንዳረምሽ ከነመስመሩ። ለዚህ ደረጃ ማንነትሽን የሚያሳየውን ዲጂታል ቁልፍሽን ማንም እንዲፈርምልሽ አያስፈልግም፣ አዲስ አበባ ድረስ ሰው ፍለጋ እንዳትሄጂ።

ከመላክሽ በፊት አንዲት ሙከራ ጨምሪ። ያንቺ ኮድ ጳጉሜን ሁልጊዜ 5 አድርጎ አንድ ቦታ ላይ ይቆጥራል፣ መስመር 212 ላይ እዪው። 2015 ዘመነ ሉቃስ ስለነበር ጳጉሜ 6 ነበረው፣ መስከረም 1 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ የዋለው ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ነው። ያንቺ ፕሮግራም 11 ይላል። ይህን አርመሽ ኤስቢልድ ላይ ገንቢውና ሎጉን ላኪልኝ፣ ቢወድቅም ላኪው።